ዊልቸሬ በድንገት ይጠፋል፤ ቅዳሜ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጎሕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምጠቀመው የኤሌክትሪክ ዊልቸር ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እየሄደ ሳለ ድርግም ብሎ ይጠፋል። አጥፍቼ ሳበራው አንዳንዴ ወዲያው ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ የሚገፋኝ ሰው እስኪመጣ እዚያው ቁጭ ነው። የሚጠግንልኝ ሰው የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ቅዳሜ ደግሞ የጓደኛዬ የመጀመሪያ የሥዕል ዐውደ ርእይ ይከፈታል። ብዙ የለፋችበት ሥራ ነው። አንዳንዶቹን ሥዕሎች ገና በእርሳስ ተጭረው ሳሉ ነው ያየኋቸው። አዳራሹ ደረጃ የለውም፣ ራምፕም (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መግቢያ) አለው። ችግሩ መኪና ከሚያወርደኝ ቦታ እስከ በሩ ያለው መንገድ ነው። ረጅም ነው፤ መሀል ላይ አስፋልት መሻገር አለብኝ። እዚያ ላይ ቀጥ ቢልስ? ውስጥ ገብቼስ ሰው በሞላበት መተላለፊያ ላይ ብቆም?

ጓደኛዬ «ባትመጪም አልቀየምሽም» ብላኛለች። ከልቧ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን መሄድ እፈልጋለሁ። በዚህ ዊልቸር ሰበብ የቀረሁባቸው ነገሮች በዝተዋል። እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ በምን ትወስናላችሁ?

ባለመፍቻ፦

ሰላም ጎሕ። ሥራዬ ዊልቸር መጠገን ነው። መሄድና መቅረቱን አንቺ ትወስኛለሽ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። የሚጠፋው መቼ መቼ ነው? በድንገት የመጣ የሚመስል ብልሽት ብዙ ጊዜ የራሱ ሰዓትና ቦታ አለው።

ዳገት ላይ ወይም ወደ ማታ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪውን ነው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ዊልቸሮች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ያረጀ ባትሪ ሜዳ ላይ ደህና ይመስላል። ዳገት ሲገጥመው ቮልቴጁ ይወርድና መቆጣጠሪያው ራሱን ይዘጋል። ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ መብራቱ ተመልሶ ሙሉ ይሆናል። በዚያ መብራት ብቻ አትተማመኚ።

ጉድጓድ ወይም ጠርዝ ሲመታ ከሆነ የላላ ሶኬት ወይም የተጎዳ ገመድ ሊሆን ይችላል። ረጅም ዳገት ከወጣ በኋላ ቆሞ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ነው።

ሌላው ጆይስቲኩ (በእጅ የምትነጂበት ዘንግ) ላይ ያለው መብራት ነው። ሲቆም ብልጭ ድርግም ይላል? ስንት ጊዜ ብልጭ ብሎ ነው ፋታ የሚወስደው? ያ ቁጥር የብልሽቱ ኮድ ነው፤ ትርጉሙ ከዊልቸሩ ጋር በመጣው መመሪያ ውስጥ ይገኛል። አጥፍተሽ ካበራሽው ኮዱ ሊጠፋብሽ ስለሚችል መጀመሪያ በስልክሽ ቅረጪው።

ከወንበሬ_ላይ፦

ጎሕ፣ እኔም ብዙ ጊዜ እዚህ ውሳኔ ላይ ተቀምጬ አድሬያለሁ። የሚያዋጣው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ይቆም ይሆን?» ካልሽ መልስ የለውም። ማንም አያውቅማ። «ቢቆም የት ላይ ነው የምሆነው? አብሮኝ ማን አለ? በምን ቤቴ እገባለሁ?» በይ። ለእነዚህ መልስ አለ።

የጻፍሽውን እንደገና አንብቢው። አዳራሽ ውስጥ ቢቆም ምን ይመጣል? ጣሪያ አለ፣ ሰው አለ፣ ሽንት ቤት ቅርብ ነው፣ ጓደኛሽ እዚያው ናት። ደስ አይልም፣ ግን የሚያልፍ ነገር ነው። አስፋልቱ ላይ ቢቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አስቸጋሪው ቅዳሜ ሙሉውን አይደለም። ያቺ የመንገድ ቁራጭ ናት። ኃይልሽን ሁሉ እሷ ላይ አውዪ። መኪናው ሌላ ቦታ ሊያወርድሽ ይችላል? ሊያሻግርሽ የሚችል ጠንካራ ሰው አለ? ለዚያች መንገድ መላ ከተገኘ ሂጂ። ካልተገኘ ቅሪ፤ የቀረሽው ደግሞ በበቂ ምክንያት ነው።

ስለ መመለሻም አስቢ። ብዙዎቻችን ስለ መድረስ እናስባለን እንጂ ስለ መመለስ አናስብም። የቆመ የኤሌክትሪክ ዊልቸር የሚጭን መኪና በማታ ማግኘት ከባድ ነው። ያመጣሽ ሹፌር የሚመልስሽ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ሁለት_ክራንች፦

ነገሩ የዊልቸር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ አንዱ እግሬ ሰው ሠራሽ ነው፣ በክራንች ታግዤ እሄዳለሁ። ጠዋት ልክ የሆነው እግር ከሰዓት በኋላ ይሰፋል። የቀረው የእግሬ ክፍል በቀን ውስጥ መጠኑ ይቀያየራላ። ስለዚህ የምደራርበው ካልሲ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። የክራንቹ ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ ካለቀ ደግሞ እርጥብ ወለል ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ላስቲኩ አልቆ ከሆነና ቀኑ ዝናብ ከሆነ አልሄድም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ጎሕ፣ የከወንበሬ_ላይን ሐሳብ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕል ለማየት መሄድ እንደ ትርፍ ነገር አይቆጠር። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 ላይ ስለ ግል እንቅስቃሴ፣ አንቀጽ 30 ላይ ደግሞ በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት ስለ መሳተፍ ይናገራል። ሁለቱ አንቀጾች ተያይዘው ነው የሚሠሩት። የሚያስተማምን ዊልቸር ከሌለ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ይቀራል። ሐኪም ቤት ስንሄድ ሁሉም ይረዳናል። ለደስታ ስንወጣ ግን «የግድ ነው እንዴ?» ይሉናል። አዎ፣ አንዳንዴ የግድ ነው።

ሰላሜ፦

እኔ የተለየ ነገር ልበል። መቅረትም መልስ ነው።

እዚህ ቤት ሁሌ «አይዞሽ ሂጂ» ይባላል። ጥሩ ነው። ግን ዊልቸሩ ሲቆም አይዞሽ ያለው ሰው እዚያ የለም። እኔ የጀርባ አጥንት ጉዳት አለብኝ። ካሰብኩት በላይ ውጭ ከቆየሁ መዘዙ ለማግስቱ ይተርፋል። መድኃኒት ሰዓቱ ያልፋል፣ የሽንት ሰዓት ያልፋል፣ ያልተላቀቅኩበት መቀመጫ ቆዳዬን ይጎዳል። ከዚያ ብዙ ቀን አልጋ ላይ ነኝ። የግፊት ቁስል ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጎሕ፣ ሒሳቡን ስትሠሪ የቅዳሜን ሰዓት ብቻ አትቁጠሪ። እሑድንና ሰኞንም ጨምሪ። ከቀረሽ ደግሞ ለማንም ማስረጃ ማቅረብ የለብሽም። ጓደኛሽ አልቀየምም ካለችሽ እመኛት።

ጎሕ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰላሜ፣ ያልሽው ገብቶኛል። በተለይ የማግስቱ ነገር።

ባለመፍቻ፣ እንዳልከኝ ተከታተልኩት። ዳገት ላይ አይደለም የሚቆመው። ከምንጣፍ ወደ ሴራሚክ ስወርድ፣ የበሩን ደፍ ስሻገር፣ እንዲህ ትንሽ ነገር ሲመታው ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቀርጬዋለሁ። መመሪያው ላይ ሳየው የባትሪ ግንኙነት ይላል። ጠዋትም ማታም ያው ነው። ቻርጁ ግን አይወርድም።

ባለመፍቻ፦

ጎበዝ! ይህ ትልቅ ነገር ነው። የምትይው ሁሉ የሚያመለክተው ወደ ባትሪው ገመድ ነው። ምናልባት ሶኬቱ ላልቷል፤ ምናልባት ባትሪው ላይ ያለው ቡሎን ተፈቷል። ሳላየው እርግጠኛ ልሆን አልችልም።

አብሮሽ ያለ እጁ የቀና ሰው ካለ እንዲህ ያድርግ። ዊልቸሩ ይጥፋ። ቻርጀሩ ይነቀል። አንቺ ሌላ ወንበር ላይ ሁኚ። የባትሪው ክዳን ይነሳ። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ያያቸው። የጠቆረ፣ የቀለጠ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያለበት አለ? ካለ እዚያ ላይ ያቁም። ያ ዊልቸር ቅዳሜ አይወጣም። የቀለጠ ሶኬት ይሞቃል፤ የሚሞቅ ነገር ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ንጹሕ ከሆነ እስከ መጨረሻው ጠበቅ አድርጎ ይመልሰው። የባትሪውን ቡሎን ሲያጠብቅ የመፍቻው ብረት የባትሪውን ሁለት ጫፍ በአንድ ጊዜ እንዳይነካ ይጠንቀቅ። በጣም አደገኛ ነው። ፊውዝ ተቃጥሎ ካገኘ በሽቦ አያገናኝ። እጁ ያልለመደ ከሆነ ጨርሶ አይንካው።

ከዚያ ሞክሪው። ሐሙስ ወይም ዓርብ፣ ሰው አብሮሽ እያለ፣ ቤት አካባቢ የቅዳሜውን ያህል ርቀት ሂጂበት። ሆን ብለሽ ጠርዝ ጠርዙን አስመቺው። ቢቆምም የሚቆመው እዚያው ሰፈርሽ ውስጥ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። አምራቾች «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚሉትን እንዳለ አትውሰዱት። አይኤስኦ 7176 የሚባለው የዊልቸር መለኪያ ክፍል 4 የሚሰጠው በስሌት የተገኘ ርቀት ነው። ዳገት፣ ብርድ፣ ያረጀ ባትሪና ልስልስ ያለ ጎማ ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ።

የልጅ_እናት፦

ልጄ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። ጎሕዬ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ዊልቸሩ መቆሙ አይደለም። ሊረዱ የሚሮጡት ሰዎች ናቸው። ልባቸው ጥሩ ነው። ግን ሳይጠይቁ ያነሳሉ። የእጅ ማሳረፊያውን ይዘው ወደ ላይ ይስባሉ፤ እሱ ተነቃይ ነው፤ እጃቸው ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ ልጄን እንዲህ ሊጥሉብኝ ነበር።

ስለዚህ ከጀርባው ኪስ ውስጥ ወረቀት አስቀምጬለታለሁ። በትልልቅ ፊደል፣ በፕላስቲክ የተለበጠ። «ይህ ዊልቸር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አታንሱት። መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። ለመግፋት ከታች በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ማንሻዎች ልቀቁ። ተዳፋት ላይ ማንሻዎቹን አትንኩ» ይላል። አንቺም እንዲህ አድርጊ። በተደናገጥሽ ሰዓት አፍሽ ላይሰበሰብልሽ ይችላል።

ባለመፍቻ፦

የልጅ_እናት ያሉት በጣም ትክክል ነው። ስለ ማንሻው ላስረዳ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ፍሬን ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በራሱ ይይዛል። ለዚህ ነው ሲጠፋ ድንጋይ የሚሆነው። ማንሻዎቹ ሲለቀቁ በእጅ መግፋት ይቻላል፤ ግን በዚያ ሰዓት ዊልቸሩ ምንም ፍሬን የለውም። ሜዳ ላይ፣ ከኋላ የያዘ ሰው እያለ ብቻ። ከተገፋ በኋላ ማንሻዎቹ ወደ ቦታቸው ካልተመለሱ ብዙዎቹ ዊልቸሮች አይነዱም። «ጭራሽ ተበላሸ» ብሎ ከመደናገጥ በፊት እሱን ማየት ነው።

አዘጋጅ፦

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር። ሥራዬ ዝግጅቶችን ማስተባበር ነው። እባካችሁ አስቀድማችሁ ደውሉልን። ብዙ እንግዶች ላለማስቸገር ብለው ዝም ይላሉ። እኛ ደግሞ ካላወቅን መርዳት አንችልም።

ጎሕ፣ ስለ ሥዕል አዳራሽ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርሽ። ትልልቅ ሥዕሎች በዋናው በር አይገቡም። ብዙ ጊዜ ከኋላ ወይም ከጎን የዕቃ መግቢያ በር አለ። ሰፊ ነው፣ መኪና እስከ ደጁ ይደርሳል፣ ወለሉም ዕቃ ስለሚገፋበት ለጥ ያለ ነው። ጓደኛሽ ሥዕሎቿን ያስገባችው በዚያ በር ሊሆን ይችላል። ጠይቂያት። በር ካለ አስፋልት መሻገሩ ጨርሶ ይቀራል። ሁላችሁም በዋናው በር የመግባት መብት አላችሁ፤ የኋላ በር ለማንም መደበኛ መግቢያ ሊሆን አይገባም። ዊልቸሩ እስኪጠገን ግን መላ ነው።

ሌላ ደግሞ ሰው ከመምጣቱ በፊት ግቢ። ከመክፈቻው አንድ ሰዓት አስቀድመሽ ብትደርሺ መተላለፊያው ባዶ ነው፣ ሥዕሎቹንም ተረጋግተሽ ታያቸዋለሽ። ከተጨናነቀ በኋላ አንድ ቦታ መርጠሽ ትቀመጫለሽ። ሶኬት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ቻርጀርሽን ይዘሽ ነይ።

ከወንበሬ_ላይ፦

የኋላ በሩ ነገር ግሩም ነው። እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰላሜ፣ ቅድም ያልሽውን ስመላለስበት ዋልኩ። ልክ ነሽ። ግን አንድ ነገር ለይተን እንይ። ውስጣችን ያለው ፍርሃት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አደጋ ነው። ፍሬኑ አይዝም፣ ዊልቸሩ ሳይነካ ይንቀሳቀሳል፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል፣ አንቺ እንዳልሽው ቆዳ ይጎዳል። እነዚህ ካሉ ውይይት የለም፤ አይኬድም። ሌላው ደግሞ ሐፍረት ነው። ሰው ፊት መቆም፣ መገፋት፣ «ምስኪን» ተብሎ መታየት። እሱም ያማል፣ አልክድም። ብዙ ጊዜ ያስቀረኝ እሱ ነው። ሐፍረቱን አደጋ ብዬ ስጠራው ግን ቤት ቁጭ ማለት ይለመዳል። ከሐፍረት ጋር መውጣት ይቻላል። ከተበላሸ ፍሬን ጋር ግን አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ይህ ሸክም እኛ ላይ መውደቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በእጅ ስለሚገፉ ዊልቸሮች ባወጣው የአገልግሎት መመሪያ ውስጥ 8 ደረጃዎች ነበሩ። የመጨረሻው ክትትል፣ እንክብካቤና ጥገና ነበር። ዊልቸር ሰጥቶ ጥገናውን መርሳት ማለት አገልግሎቱን ሳይጨርሱ መተው ነው። ጎሕ ለአንድ የላላ ገመድ ሳምንት መጠበቅ የለባትም።

ሰላሜ፦

ሐፍረትና አደጋን መለየቱን ተቀብያለሁ። እኔ ጋ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። ጎሕ፣ ከሄድሽ የራስሽን መቀመጫ ትራስ እንዳትረሺ። ሌላ ዊልቸር ላይ ብትዘዋወሪ ትራሱ አብሮሽ ይሂድ። ደህና የሚመስለው የተዋስሽው ዊልቸር ላይ ያለው ትራስ ለአንቺ አካል የተሠራ አይደለም። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ዘንበል እያልሽ መቀመጫሽን አሳርፊ። ሥዕል ስታዪ እንዳትረሺው።

ጎሕ፦

ወሰንኩ፤ ልሄድ ነው። ግን በቅድመ ሁኔታ።

ወንድሜ ሶኬቶቹን አየልኝ። አንዱ በደንብ ላልቶ ነበር። ያልጠቆረ፣ ያልቀለጠ ነው። አጠበቀው። ዛሬ ሰፈር ውስጥ ዞርኩበት፤ አልቆመም። ነገ ማታ እንደገና እሞክረዋለሁ። ነገ ከቆመ በእሱ አልወጣም፤ በእጅ የሚገፋውን አሮጌ ዊልቸሬን ከትራሴ ጋር ይዤ ወንድሜ እየገፋኝ እሄዳለሁ። እሱም ካልተመቸ እቀራለሁ። ለጓደኛዬ ይህንን ሁሉ ነግሬያታለሁ። የዕቃ መግቢያ በሩ አለ! አዳራሹ ራሱ መኪናው እዚያ እንዲገባ ፈቀደልኝ። አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው የምደርሰው።

ወረቀቱንም ጽፌያለሁ፣ የልጅ_እናት። እግዜር ይስጥልኝ።

አዘጋጅ፦

ደስ ሲል! ለሹፌሩ የመመለሻሽን ሰዓት በጽሑፍ ላኪለት። በቃል የተነገረ ሰዓት ይረሳል።

ጎሕ፦

እሑድ ነው፤ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ዓርብ ስላልቆመ በኤሌክትሪኩ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ወለል ላይ ያለች የብረት ጠርዝ ስትመታው አንድ ጊዜ ቆመ። ሰው ገና አልመጣም ነበር። ወንድሜ ሶኬቱን ተጫነው፣ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ጠርዝ ሳልሻገር ከአንድ ወገን ብቻ ቆየሁ። በሌላው ክፍል የነበሩትን ሥዕሎች ያየኋቸው ቀድሜ በመድረሴ ነው። ከአሰብኩት ቀድሜ ወጣሁ፤ ወገቤ ደክሞት ነበር። ዛሬ ተኝቼ ውያለሁ። ሰኞ ደግሞ ጠጋኙ ጋ እደውላለሁ፤ የሚቀየረው ሶኬቱ ነው ወይስ ገመዱ በሙሉ?

ባለመፍቻ፦

እንኳን ደስ አለሽ። ከጠበቀ በኋላ እንደገና ከቆመ ሶኬቱ ውስጥ ያለው ብረት መያዙን ትቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሶኬቱን ከነገመዱ ጫፍ እንዲቀይረው ጠይቂው። ማጥበቅ ብቻ ለጊዜው ነው። የቀረጽሽውን ቪዲዮም አሳዪው፤ ፍለጋ ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ ይቆጥብለታል። እስከዚያ ብቻሽን አስፋልት አትሻገሪበት።

ሰላሜ፦

እንኳን ሄድሽ፣ ጎሕ። ባለመፍቻ፣ እግረ መንገዴን እኔም ልጠይቅህ። የእኔ በእጅ የሚገፋው ነው። የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ ፈጠን ስል ይንቀጠቀጣሉ። በሚቀጥለው ወር አንድ ስብሰባ አለብኝ፤ ከአሁኑ ላስተካክለው ብዬ ነው።

ባለመፍቻ፦

መጀመሪያ ጎማው ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ፀጉርና ክር ካለ በመቀስ አጽጂው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው እሱ ነው። ከዚያ ጎማውን ከመሬት አንስተሽ በእጅሽ ግራና ቀኝ ወዝውዢው። የሚንገጫገጭ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥ ብሎ የቆመው ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ ላልቶም ሊሆን ይችላል፤ ጎማው በነፃነት እየዞረ ግን እንዳይወዛወዝ ተደርጎ ይጠብቃል። ሁለቱም ጎማ እኩል መሬት ይነካ እንደሆነም እዪ። ካልነካ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ላይ ለጥፊው።